የልብስ እጥበት ወጪ

ቢሮዬ ጠባብ ናት፣ ከዓሣ ጠባሹ ጎን፤
ዘይት ዘይት እንሸታለን፣ ፋይሉም፣ ወንበሩም፣ እኔም፣ ቀን በቀን።
ሐምሌ ሲገባ ዋያላ ከተማ ወረፋው እስከ በር፣
አንዱ በጫማ ካርቶን፣ አንዱ በዳቦ ከረጢት ደረሰኙን ይዞ ሲያማርር፤
«እንኪ» ይሉኛል፣ «ዴስፒና፣ አንቺው ታውቂበታለሽ፣
ሁለት መቶ ሃያ ዶላር ምን አላት፣ ራስ ምታቱን ከወሰድሽ።»

(እኔ ራሴ? የገዛ ግብሬን ፖርት አውጉስታ ላለ ወኪል ነው የምልከው፤
የራሱን ጥርስ የሚነቅል ሐኪም የለም፤ ይህን ግን ለደንበኛ አልናገረው።)

ክላይቭ ፓስኮ ብቻ ደጄን ረግጦ አያውቅም።
«የገዛ ኪሴን ለመቁጠር ሰው በገንዘብ አልቀጥርም»
ይል ነበር በሠራተኞቹ ክለብ፣ ቢራውን ይዞ፣ ጮክ ብሎ፣
ወደኔ ጠረጴዛ በግማሽ ዓይኑ እያየ፣ ቀልድ አስመስሎ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በብረት ፋብሪካ፤
ሠላሳ አንድ ሐምሌ በወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ በእርሳስ ሲጽፍ፣ በማስመሪያ ሲለካ።
ሰው ቅጹን ይፈራል፤ እሱ ይወደው ነበር መሰለኝ፤
ኋላ ነው ይህን ወረቀቱ የነገረኝ።

በመጋቢት ሞተ። በሐምሌ ኖሪን መጣች፣
የብስኩት ጣሳውን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ባዶውን ወንበር አይታ ቆመች።
«ሟችም ግብር ያሳውቃል አሉኝ፣ የመጨረሻውን።
እኔ የት አውቄ? እሱ ነበር የሚሞላው፣ ቅጹንም፣ ቤቱንም፣ ሁሉን።»

ከፈትኩት። የብስኩት ፍርፋሪ እንኳ አልቀረውም፤
ደረሰኙ በዓመት በዓመቱ በላስቲክ ታስሯል፣ አንዱ ካንዱ አይነካካም።
የማኅበር መዋጮ፣ ጓንት፣ የፀሐይ ቅባት፣ አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ፤
የባትሪ ድንጋይ፣ አራት ዶላር ካርባ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ ጊዜ፣ ለጨለማ።
የሰው ስህተት ነው የኔ እንጀራዬ፤
አልዋሽም፣ ቀይ ብዕሬን ይዤ ፈለግሁ፣ ይገኛል ብዬ የክለቡ ቂም መወጫዬ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆነ። ዓሣ ጠባሹ ዘጋ።
አገኘሁ! አንድ ሣጥን ባዶ ነው፣ በየዓመቱ ባዶ፣ እንደ ወለቀ መንጋጋ።
«የሥራ ልብስ እጥበት» ይላል፤ እስከ መቶ ሃምሳ ዶላር ድረስ
ደረሰኝ አይጠየቅም፤ ሁሉም ይሞላዋል፣ አጥቦም ሳያጥብ፣ ለብሶም ሳይለብስ።
ሠላሳ አንድ ጊዜ መቶ ሃምሳ፤ አባዛሁ፣ ፈገግ አልኩ፤
«የኩሩ ሰው ኪሳራ» ብዬ በቀይ አሰመርኩ።

ከዚያ ገለበጥኩት፣ የመጀመሪያውን ዓመት ቅጂ ጀርባ፤
በእርሳስ፣ ለራሱ የጻፈው፣ ከመስመር ሳይዛባ፦
«እጥበት። የምታጥበው ኖሪን ናት።
የኔ ወጪ አይደለም። ምን ብዬ ልጠይቅባት?»
በሚቀጥለውም ዓመት፦ «ኖሪን።» በሚቀጥለውም፦ «ኖሪን።»
ኋላ ኋላ «ኖ» ብቻ፣ እንደ ደከመው ሰው ፊርማ፤ ግን ሳያጓድል አንዱን።

ቀይ ብዕሬን ከደንኩ።

በማግሥቱ ደወልኩላት። «የዘንድሮውን ልሙላው? ሕጉ ይፈቅዳል።»
ዝም አለች። የልብስ ማጠቢያ ሞተር ከወዲያ በኩል ይሰማል።
«በእጄ ስንት ይገባል?» «አርባ አምስት ዶላር ቢሆን ነው፣ ተመላሽ ሲሰጥሽ መንግሥት።»
«አርባ አምስት!» ብላ ሳቀች፣ ወይ አለቀሰች፤ በስልክ ይመሳሰላሉ ሁለቱ፣ በተለይ ጠዋት።
«ሙዪው» አለች። «ያ ቀይ አቧራ ሁለቴ ካልታጠበ አይለቅም ነበር፤
እሱ ምን ያውቃል፣ ቅጹ ላይ አቀርቅሮ ሲያድር?»

ሞላሁት። በሠላሳ አንደኛው ዓመት ሣጥኑ ሞላ፤
ግብሩ የሟች፣ እጥበቱ የሕያው፤ አልሠራሁም እንዲህ ያለ ሒሳብ ሌላ።

ቅናሽ ላድርግልሽ አልኳት፤ ተቆጣች፤
ሁለት መቶ ሃያውን ቆጥራ፣ ደረሰኝ አስቆርጣ፣ አጣጥፋ ጣሳው ውስጥ አስገባች።
«የወኪል ክፍያ በሚመጣው ዓመት ይቀነሳል አይደል? መመሪያው ላይ አነበብኩት»
አለች በሩን ስትከፍት፤ የዓሣው ሽታ ከነፋሱ ጋር ገባ።
«በሐምሌ ራሴ ነኝ የምሞላው። እርሳሱን አገኘሁት፤ ቀረጽኩት።»